ስምንት ሰው፣ አንድ ስክሪን

«በዚህ ዘመን ኦፍላይን ጌም ማን ይሠራል?» የሚለውን ነገር ከሙያ ጓደኞቼ ሰምቼ ሰምቼ ታከተኝ። የሚሉት ልጆች ሰነፎች አይደሉም፣ ኮድ ላይ ጎበዞች ናቸው። ግን ሰርቨር የሌለው ጌም ያላለቀ ጌም ይመስላቸዋል። እኔ ደግሞ ተቃራኒውን ነው የምለው። ማስረጃዬም ከአውራ ጣት ብዙ የማትበልጥ አሻንጉሊት መኪና ናት።

ማይክሮ ማሽንስ ትባላለች። ጋሉብ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የሚሸጣቸው ጥቃቅን መኪኖች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 የእንግሊዙ ኮድማስተርስ ኤንኢኤስ ለሚባለው የኔንቲንዶ ማሽን ጌም አደረጋቸው፤ ያውም ከኔንቲንዶ ፈቃድ ሳያገኝ። ማሽኑ የነበረው የሥራ ራም 2 ኪሎባይት ነው። ቴሌግራም ላይ የምትልኩት አንድ ስቲከር ከዚያ ይበልጣል። በዚያ አቅም እውነተኛ መኪና እናስመስል ቢሉ የትም አይደርሱም ነበር። ስለዚህ መኪናዋን አሻንጉሊት እንደሆነች ተዋት። ውድድሩ ቁርስ ጠረጴዛ ላይ፣ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ፣ ፑል ጠረጴዛ ላይ ነው። ካሜራው ከላይ ወደ ታች ያያል፣ ልክ ልጅ ተንበርክኮ መጫወቻውን እንደሚያይ።

ይሄ እንዲገባህ ፈረንጅ መሆን የለብህም። ግራና ያደገ ልጅ የሽቦ መኪና ያውቃል። ሽቦው ከየትም ይለቀማል፣ ጎማው ቆርኪ ነው ወይ ካለቀ ነጠላ ጫማ ይቆረጣል፣ መሪው ረጅም ስለሆነ ቆመህ ትነዳለህ። የሽንኩርት መደብ ዳገት ይሆናል፣ ቦዩ ላይ የተጋደመች ጣውላ ድልድይ። መርሳ ደርሰን ወልድያ ገብተን እንመለሳለን፣ ከጓሮ ሳንወጣ። እንግሊዞቹ የሠሩት ይህንኑ ነው።

ሁለት ሰው ሲጫወት ደግሞ ስክሪኑን ለሁለት አልከፈሉትም። ሁለቱም አንድ ስክሪን ላይ ናቸው፤ ጓደኛህን ከስክሪኑ ጠርዝ ውጭ ጥለኸው ከሄድክ ነጥብ ታገኛለህ፣ ከዚያ እኩል ቆማችሁ ትቀጥላላችሁ። የቀደመ እየቀደመ አይሄድም። ስለዚህ ደካማው ተጫዋች ተስፋ አይቆርጥም፣ ጎበዙም አይሰለችም። እኔ ይህን ሕግ ከብዙ ውድ ግራፊክስ አስበልጠዋለሁ።

በ1994 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ይብሳል። የሴጋ ሜጋ ድራይቩ ካርትሪጅ ላይ ራሱ ሁለት ተጨማሪ የጆይስቲክ መሰኪያ ገጠሙበት፤ ጄ ካርት ይሉታል። ሌላ ዕቃ ግዛ አላሉም። ከዚያ አንዱን ጆይስቲክ ለሁለት ሰው አካፈሉት፣ ለአንዱ ግራው ለሌላው ቀኙ። በአራት ጆይስቲክ ስምንት ሰው! ይሄ እኮ የኛ ሰፈር ጌም ቤት ነው። የተሸነፈ ይነሳል፣ ተረኛው ትከሻህ ላይ ይተነፍሳል፣ ሁለት ሰው ሲጫወት አሥር ሰው ይጮኻል።

የቀረውን ባጭሩ ልለፈው። በ1997 በፕሌይስቴሽን 3ዲ ሆነ፣ ጥሩ ነበር። በ2006 አራተኛው ወጣ። በ2017 ወርልድ ሲሪስ የሚባለው ሲመጣ ግን ልቡ ኦንላይን ላይ ነበር፦ የጦር ሜዳ ውጊያ፣ ዕጣ እንደመክፈት ያለ የሽልማት ሳጥን። ብቻህን ደረጃ በደረጃ የምታሸንፈው ሻምፒዮና እንኳ የለውም። ኦንላይን ተጋጣሚ ካልመጣ ምን ቀረህ? በ2021 ኮድማስተርስ ራሱ በኢኤ ተገዛ።

አሁን ወደኛ ልምጣ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ለወራትም ቆየ። ግራና ላለው የአክስቴ ልጅ ቀደም ብዬ አንድ የመኪና ጌም ጭኜለት ነበር። ድምፅ ሲሠራ ደወለልኝ፦ «ጋሼ፣ ኢንተርኔት አገናኝ ብሎ እምቢ አለኝ።» መኪናዋ ስልኩ ውስጥ አለች። መንገዱም ስልኩ ውስጥ አለ። ባትሪውም ሙሉ ነው። የጎደለው ከሩቅ አገር ሰርቨር የሚመጣ ይለፍ ብቻ ነው። ይሄን የሠራው መሐንዲስ ስለዚህ ልጅ አላሰበም፤ ይገባኛል፣ አያውቀውም። እኛ ግን እናውቀዋለን፣ አውቀንም ያንኑ ኮድ እንገለብጣለን።

«ኢንተርኔቱ ሲስተካከል…» አትበሉኝ። እስኪስተካከል ልጁ ያድጋል። ስልክ ከስልክ በሆትስፖት ይገናኛል፣ ዳታ አይፈልግም። ልጆቹ ገና ድሮ በዜንደር አፕ ሲለዋወጡ ነው የኖሩት። ቅኔ ጌምስ ደግሞ «ኩኩሉ»ንና «ገበጣ»ን ሠርቶ ከገዛ ቤታችን ጌም እንደሚወጣ አሳይቷል። እና የሽቦ መኪናው የታለ? በአንድ ስልክ ሁለት ልጅ፣ ለአንዱ የግራ አውራ ጣት ለሌላው የቀኝ፣ ስልኩ መሐላቸው መሬት ላይ። ይሄ ከባድ ኮድ ነው እንዴ?

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የገንዘብ ነው፣ ተገቢም ነው። ያለ ኢንተርኔት ማስታወቂያ አይታይም፣ ጌሙም በዜንደር ከእጅ እጅ ይዞራል። ይዙር፤ ያለ ክፍያ የሚያሰራጭላችሁ እሱ ነው። ጓሮው ነፃ ይሁን። መርሳና ወልድያ የሚወስደው መንገድ በኮድ ይከፈት፣ ክፍያውም አንዴ ብቻ። ቴሌብር *127# ያለ ዳታ ይሠራል፣ ኮዱም በኤስኤምኤስ ይላካል።