ሥዕሉ ከሠንጠረዡ አይለይ

በዛሬው ጊዜ ከየመሥሪያ ቤቱ የሚወጣ ሪፖርት በመካከሉ አንድ ሁለት ባለቀለም ግራፍ ካልተለጠፈበት እንደ ጎደሎ ይቈጠራል። ልማዱ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። የሚያሳዝነው ግን ግራፉን ተመልክቶ «ይህ መስመር ከየትኛው ቍጥር የተነሣ ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልስ አለመገኘቱ ነው። ሠንጠረዡ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት በተዛወረ ባልደረባ ኮምፒዩተር ውስጥ ቀርቷል፤ ወይም «የመጨረሻው»፣ «የመጨረሻው የታረመ»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» ከሚባሉት ሦስት ፋይሎች ግራፉ ከየትኛው እንደ ተሣለ የሚያውቅ የለም።

በዚህ ጉዳይ ለተማሪዎችና አዲስ ሥራ ለያዙ ወጣት ሹማምንት የምናቀርበው አስተያየት፣ ቍጥሩና ስሌቱ፣ ግራፉም የሚሣልበት ትእዛዝ በአንድ ጥሬ ጽሑፍ ውስጥ አብረው ይቀመጡ የሚል ነው። ጥሬ ጽሑፍ የምንለው የፊደል ቀለምና ጌጥ የሌለበትን፣ በማናቸውም ኮምፒዩተር ተከፍቶ ሊነበብ የሚችለውን ተራ ፋይል ነው። (ከዚህ በታች በውጭ አገር የተደረገውን ስንጠቅስ ዓመቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ የአገራችንን ስንጠቅስ ደግሞ እንደ አገራችን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።)

ግራፍን የምንጠላ እንዳይመስል አንድ ነገር እናስቀድም። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር በ1786 የእንግሊዝን ንግድ በመስመር ሥሎ ካሳተመ ወዲህ፣ ሠንጠረዥ የሚሰውረውን ሥዕል እንደሚገልጠው ብዙ ጊዜ ተመስክሯል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ፍራንሲስ አንስኮምብ የተባለው የስታትስቲክስ ሊቅ በ1973 ያቀረበው ምሳሌ ነው። እያንዳንዳቸው 11 ጥንድ ቍጥር የያዙ አራት ሠንጠረዦች አዘጋጀ። የአራቱም አማካይ በአግዳሚው 9፣ በቋሚው 7.5 ነው፤ በቍጥሮቹ መካከል የሚሰመረውም ቀጥ ያለ መስመር ለአራቱም አንድ ነው። ሲሣሉ ግን አንደኛው በመስመሩ ዙሪያ የተበተነ ነው፤ ሁለተኛው እንደ ደጋን ጎብጧል፤ ሦስተኛው ቀጥ ብሎ አንዲት ነጥብ ብቻ አፈንግጣለች፤ አራተኛው ከአንዲት ነጥብ በቀር እንደ ምሰሶ ተገትሯል። አማካዩን ብቻ ያየ ሰው አራቱን አንድ ናቸው ብሎ ይፈርም ነበር። እንግዲህ መሣሉ ግዴታ ነው። ክርክራችን የት ተቀምጦ ይሣል በሚለው ላይ ነው።

ለዚህ ሥራ እኛ የምንመርጠው ኢማክስ የተባለውን የጽሑፍ ማዘጋጃ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን ግኑ ኢማክስ የሚባለውን በ1985 ያወጡት ሲሆን እስከ ዛሬ ያለ ዋጋ ይታደላል። በላዩም በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የሥነ ፈለክ ምሁር የሆኑት ካርስተን ዶሚኒክ በ2003 ኦርግ ሞድ የሚባለውን ክፍል ጀመሩለት። በኦርግ ሞድ ውስጥ በቍጥሮች መካከል ቀጥ ያለ ጭረት እያደረጉ ቢጽፉና የታብን ቍልፍ ቢጫኑ ዓምዶቹ ራሳቸውን ያሰልፋሉ። ግራፉን የሚሥለው ግን ቶማስ ዊልያምስና ኮሊን ኬሊ በ1986 የጀመሩት ግኑፕሎት የተባለው ሌላ ፕሮግራም ስለ ሆነ፣ እርሱም አብሮ መጫን አለበት። ስሙን የሚሰማ ሁሉ ከግኑ ኢማክስ ጋር የሥጋ ዘመድ ያደርገዋል፤ ዝምድና የላቸውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሠንጠረዡ በላይ አንድ አዛዥ መስመር ይጻፋል። በእርሱም አግዳሚው ልክ የትኛው ዓምድ፣ ቋሚው የትኛው፣ የግራፉም ርእስ ምን እንደ ሆነ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ኮንትሮልን ይዞ ሲ፣ ቀጥሎ የትእምርተ ጥቅስ ምልክት፣ በመጨረሻም ጂ ቢጫኑ ግራፉ ብቅ ይላል። በጂ ፈንታ ኤ ቢጫኑ ደግሞ በሠንጠረዡ ውስጥ አዲስ ዓምድ ይከፈትና የቍጥሩ መጠን በተደረደሩ ፊደሎች ርዝመት ይታያል። ይህ ሁለተኛው ለጌጥ የሚሆን አይደለም፤ ቢሆንም በየረድፉ የተሳሳተ ቍጥር ገብቶ እንደ ሆነ በአንድ እይታ ስለሚያጋልጥ እኛ ከመጀመሪያው ይልቅ እንወደዋለን።

የአገራችንን የሕዝብ ቈጠራ ምሳሌ እናድርግ።

| የቈጠራው ጊዜ | ልክ | ሕዝብ በሚሊዮን |
| ግንቦት 1976 | 1976.7 | 39.9 |
| ጥቅምት 1987 | 1987.1 | 53.5 |
| ግንቦት 1999 | 1999.7 | 73.8 |

ሠንጠረዡ ትንሽ ነው፤ ወጥመዱ ግን ብዙ ነው። አግዳሚው ዓምድ የትኛው እንደ ሆነ መንገር የረሳ ሰው ሦስቱን ነጥቦች በእኩል ርቀት ተሰልፈው ያገኛቸዋል። በዚህ ዐይነት ሁለተኛው እርምጃ ከፊተኛው በግማሽ ያህል የበረታ ይመስላል፤ 13.6 ሚሊዮን ወደ 20.3 ሚሊዮን አድጓልና። ነገር ግን በፊተኞቹ ሁለት ቈጠራዎች መካከል ያለፈው 10.4 ዓመት፣ በኋለኞቹ መካከል ያለፈው 12.6 ዓመት ነው። በዓመት ቢካፈል 1.3 ሚሊዮንና 1.6 ሚሊዮን ይሆናል፤ ይኸውም የሩብ ያህል ብልጫ ማለት ነው። ሁለተኛውን ዓምድ የጨመርነው ስለዚህ ነው። ዓመቱን ብቻ ይዘን 1976፣ 1987፣ 1999 ብለን ብንጽፍ ልዩነቱ 11 እና 12 ዓመት ይመስለን ነበር፤ የግንቦትና የጥቅምት ነገር ይጠፋል።

ሌላም አለ። የ1976 ቈጠራ ውጤት በብዙ መጽሐፍ 42.6 ሚሊዮን ተብሎ ይገኛል። ይህ በዚያን ጊዜ አብራ የተቈጠረችውን ኤርትራን የጨመረ ነው፤ የኋለኞቹ ሁለት ቈጠራዎች ግን እርስዋን አይጨምሩም። 42.6ን ከ53.5 ጋር በአንድ መስመር ያያያዘ ወጣት የመጀመሪያውን ጭማሪ ወደ 10.9 ያወርደዋል፤ ሁለተኛው እርምጃ እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል አይቀረውም። ይህ ሰው አልዋሸም፤ ቍጥሩም የታተመ ነው። ነገር ግን «ያለ ኤርትራ» የምትል አንዲት መስመር ከሠንጠረዡ በላይ ተጽፋ ብትሆን ኖሮ ባልተሳሳተ ነበር። በሥዕል ውስጥ እንዲህ ያለ ማስታወሻ የሚቀመጥበት ስፍራ የለም፤ በጥሬ ጽሑፍ ውስጥ ግን የፈለጉትን ያህል ይጻፋል።

የቋሚው ልክ ነገርም አለ። ግኑፕሎት ካልታዘዘ በቀር ከ0 አይጀምርም፤ ለዚህ ሠንጠረዥ በሠላሳዎቹ ውስጥ ካለ ቍጥር ይነሣና ሕዝቡን ከባዶ ተነሥቶ ጣራ የነካ ያስመስለዋል። ከ0 ይጀምር ብሎ ማዘዝ የአንድ ሐረግ ሥራ ነው። ትእዛዙም በግልጽ ተጽፎ ስለሚኖር፣ አለቃው ወይም መምህሩ ልኩ የተቈረጠ መሆን አለመሆኑን አንብቦ ያውቃል።

«ይህን ሁሉ በኤክሴል እናደርገው የለም ወይ?» የሚለን እንደሚኖር እናውቃለን። በጀት ለመደመር ኤክሴል መልካም ነው፤ አንከራከርም። ይሁን እንጂ ስሌቱ በየሣጥኑ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር መሆኑ ያመጣውን ጣጣ መጥቀስ ይገባል። ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉት ስመ ጥር የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት በ2010 ባወጡት ጽሑፍ፣ ዕዳቸው ከዓመት ምርታቸው 90 በመቶ ያለፈ አገሮች አማካይ ዕድገት ከዜሮ በታች 0.1 በመቶ ነው ብለው ነበር። በብዙ አገር ወጪ ይቀነስ የሚሉ ሹማምንት ይህን እየጠቀሱ ተከራከሩ። ቶማስ ሄርንደን የተባለ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለክፍል ሥራ ብሎ ስሌቱን ሊደግም ቢሞክር አልመጣለትም። ሊቃውንቱን ጠየቀ፤ ፋይሉን ላኩለት። ሲከፍተው ከ20 አገሮች 5ቱ ከአማካዩ ስሌት ውጭ ቀርተው ተገኙ። ከዚህ ሌላ የዓመታትና የሚዛን አመራረጥ ክርክር ስለ ነበረበት፣ ከመምህራኑ ጋር ሁሉን አስተካክሎ በ2013 ሲያሳትም አማካዩ 2.2 በመቶ ሆነ። ሊቃውንቱ የፋይሉን ስሕተት አምነው የቀረውን አስተያየታቸውን ግን አልተዉም። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ፋይሉን ለተማሪ ለመላክ ፈቃደኞች መሆናቸው ነው፤ ሥዕል ብቻ ይዘው ቢቀመጡ ስሕተቱ እስከ ዛሬ ይኖር ነበር። በኦርግ ሞድ ስሌቱ ከሠንጠረዡ ሥር በግልጽ መስመር ስለሚጻፍ፣ ከስንተኛው እስከ ስንተኛው ረድፍ እንደ ተደመረ ማንም ያነበዋል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ የተለየ ምክንያት አለን። ኤክሴል ቀን የመሰለውን ሁሉ የፈረንጅ ቀን ያደርገዋል። በአሜሪካ ልማድ በተስተካከለ ኮምፒዩተር ጳጉሜ 5ን ቀኑን አስቀድመን 5/13/1999 ብለን ብንጽፍ «ሜይ 13» ብሎ ይይዘዋል። በዚህ የተቸገርነው እኛ ብቻ አይደለንም፤ የጂኖችን ስም የሚወስነው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ኤክሴል ወደ ቀን የሚለውጣቸውን የአንዳንድ ጂኖች ስም ራሱን እስከ መቀየር ደርሶ ነበር፤ ይህንንም በ2020 አስታውቋል። በጥሬ ጽሑፍ ውስጥ ጳጉሜ ጳጉሜ ሆና ትኖራለች።

የመሣሪያውንም እንከን እንናገር። የኢማክስን ቍልፎች ለመልመድ ሳምንታት ይፈጃል፤ በችኮላ ላለ ሰው አይመከርም። የፊደላችንም ስፋት ከቍጥሮቹ ስፋት ጋር እኩል ስላልሆነ አማርኛ የበዛበት ሠንጠረዥ ዓምዱ ይወላገዳል። በግራፉ ላይ የአማርኛ ርእስ እንዲነበብም ፊደላችንን የያዘ ፎንት መርጦ ማዘዝ ያስፈልጋል፤ አለዚያ በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ይወጣሉ። ኢማክስን የማይወድ ሰው በሌላ ተራ የጽሑፍ ማዘጋጃ ሠንጠረዡን ጽፎ ለግኑፕሎት በቀጥታ ቢሰጠው የምንቃወምበት ምክንያት የለም።

የመሥሪያ ቤት ሹም ይህን ሁሉ ባይማር እንኳ አንድ ነገር ለማዘዝ ሥልጣን አለው። ግራፍ ያለበት ሪፖርት ሲቀርብለት ሠንጠረዡንና አዛዡን መስመር በአባሪ እንዲያያይዙለት ይጠይቅ። ከላይ ያሳየነው ቈጠራ ከነማስታወሻው ዐሥር መስመር አይሞላም።