በአንድ ግምጃ ቤት ስለሚቀመጡ ተወዳዳሪ ኮምፓይለሮች

የነጋዴውን ሒሳብና ደረሰኝ የሚያዘጋጁት ፕሮግራሞች አብዛኞቹ በዊንዶውስ ላይ የሚሠሩ ናቸው። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ባለሙያ ግን ብዙ ጊዜ በሊኑክስ ይሠራል። በሊኑክስ ላይ ሆኖ ለዊንዶውስ የሚስማማውን ፕሮግራም የሚያወጣለት መሣሪያ ክሮስ ኮምፓይለር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. የተመሠረተው ዴቢያን የተባለው የነጻ ሶፍትዌር ስርጭት ይህን መሣሪያ ያለ ዋጋ ያቀርባል።

እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. ዴቢያን 7 ሲወጣ በግምጃ ቤቱ ለዚሁ ለአንድ ተግባር ሁለት ተወዳዳሪ ፓኬጆች ይገኙ ነበር። ነባሩ ሚንግው 32 ሲሆን በ2007 የወጣውን ጂሲሲ 4.2.1 እንደያዘ ቀርቶ ነበር። ሁለተኛው ሚንግው ደብልዩ 64 ከነባሩ ሥራ ተገንጥሎ ባለ 64 ቢቱን ዊንዶውስ ጭምር ለማገልገል የተነሣ ነው፤ እርሱም ጂሲሲ 4.6ን ይዞ ነበር።

ምርጫ መብዛቱ ማንን ይጎዳል የሚል አይጠፋም። በእርግጥ ጨርቅ ሻጭ ሁለት ዓይነት አቡጀዲ ቢደረድር ያልተሸጠው ተጠቅልሎ ይቆያል እንጂ ሌላ ጣጣ የለበትም። ኮምፓይለር ግን ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። ስሕተት በተገኘበት ቁጥር መታረም፣ በእርሱ የተሠሩትም ፓኬጆች እንደገና መሠራት አለባቸው፤ ይህንንም የሚፈጽሙት አብዛኞቹ ያለ ደመወዝ የሚደክሙ ጥቂት ባለአደራዎች ናቸው። ስለዚህ ዴቢያን 8 በ2015 ሲወጣ ነባሩ መቅረቱ የሚነቀፍ አይደለም።

የሚያሳስበው የተጠቃሚው ጉዳይ ነው። የነባሩ ትእዛዝ ስም በ«አይ586» ሲጀምር የአዲሱ በ«አይ686» ይጀምራል። አሮጌውን ስም በሥራ መመሪያው ውስጥ የጻፈ ትንሽ ድርጅት መኪናውን ባሳደሰ ማግስት ሥራው ይቆምበታል፤ ደንበኛው ደግሞ ደረሰኙን እንጂ የኮምፓይለሩን ስም አይጠይቅም። ነባር ፓኬጅ ከመነሣቱ በፊት ቢያንስ በአንድ እትም ዘመን ሁሉ በተጠራ ቁጥር ራሱ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥና የተተኪውን ስም እንዲያመለክት ማድረግ ይገባል።

ሁለት መያዝ የሚገባበትም ጊዜ አለ። በሚንግው ደብልዩ 64 ውስጥ ራሱ፣ ትሬድ የተባሉትን የሥራ ክሮች በሚያስተዳድሩበት ዘዴ የሚለያዩ ፖዚክስና ዊን32 የተባሉ ሁለት ዓይነቶች ጎን ለጎን ቀርበዋል። ከአንድ ምንጭ ስለሚሠሩ ድካሙ አነስተኛ ነው፤ በ2011 በወጣው የሲ ፕላስ ፕላስ ደንብ መሠረት በክሮች የሚጠቀም ፕሮግራምም ለረዥም ጊዜ ያለ ፖዚክሱ አይሠራም ነበር። በ2023 የወጣው ጂሲሲ 13 ግን ይህን ችሎታ ለዊን32ም ሰጥቶታል። እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ የሚነሣ ከሆነ፣ ማስታወቂያው ሊነገር የሚገባው ተጠቃሚው የትኛውን እንደሚተው ለመወሰን ገና ጊዜ ሳለው ነው።