ኤሊውን ለበረሃው እንተውለት

በሱዳኗ ገዳሪፍና በመተማ ቆላ ሰሊጥና ማሽላ የምታርሱ፣ የምታጭዱ፣ የምትጭኑ ወገኖች! ዘንድሮ አጨዳው ሳይጀመር አንድ ነገር በጋራ እንቁረጥ። ከዱር ያገኘነውን ኤሊ አንያዝ፣ አንሽጥ፣ አንጫን፣ አንግዛ።

ሱዳኖች አቡልገደህ የሚሉት ትልቁ የየብስ ኤሊ ከሴኔጋልና ከሞሪታንያ ተነስቶ በማሊ፣ በቻድና በሱዳን በኩል እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ በሚደርሰው ደረቅ ምድር የሚኖር ነባር ፍጥረት ነው። ገዳሪፍ በዚህ ምድር ምሥራቃዊ ክፍል ናት። ገና ሲፈለፈል መዳፍ ውስጥ ይገባል፤ ሲያድግ ከ50 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፣ ወንዱ እስከ 100 ኪሎ የሚደርስበት ጊዜም አለ። ሙቀቱ ሲበረታ በፊት እግሮቹ ጉድጓድ ቆፍሮ ይገባል፣ ቀዝቀዝ ሲል ወጥቶ ሣር ይግጣል። ካልነኩት ሃምሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል።

እኛ ግን አንስተን ወደ ግቢ እናመጣዋለን። እንዳይጠፋ ለማሰር የቅርፊቱ ጠርዝ በጋለ ሚስማር ይበሳና ሽቦ ይገባበታል። ይህን የሚያደርገው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቅርፊቱ ድንጋይ ስለሚመስለው ነው። ቅርፊቱ ግን ከአከርካሪና ከጎድን ጋር አብሮ ያደገ ሕያው አጥንት ነው። ደም ይዞርበታል፣ ነርቭ አለው፤ ሲበሳ ያመዋል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል። ፍየል ብትሆን ጩኸቷን ሰፈሩ ሁሉ በሰማ ነበር። ኤሊ አንገቱን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ዝም ይላል። መብላት ያቆማል፣ ዓይኑ ያብጣል፣ ለሳምንታትና ለወራት እየመነመነ ይሞታል። ባለቤቱ የሚያውቀው ከሞተ በኋላ ነው።

ባሕር ማዶም የሚጠብቀው ከዚህ ብዙ የተሻለ አይደለም። በአሜሪካ የዚህ ኤሊ ትንንሾች በእርባታ ተፈልፍለው በቤት እንስሳት መደብርና በተሳቢ እንስሳት ገበያ በርካሽ ይሸጣሉ። የመስታወት ሳጥን፣ አንድ አምፖል፣ ጥቂት ሰላጣ ይሰጣቸዋል። አልትራቫዮሌት ጨረር የሚሰጥ መብራት ከሌለ፣ ካልሲየምም ካነሰ፣ አጥንታቸው ይለሰልሳል። ሻጩ ነገ ምን ያህል እንደሚያድግ ካልነገረው ገዢው በጥቂት ዓመታት ውስጥ አጥሩን የሚገፋ፣ የግቢውን አፈር የሚቆፍር ግዙፍ እንስሳ ይዞ ይጨነቃል። በአሪዞና ያሉ መጠለያዎች እንዲህ በተጣሉ ኤሊዎች ተጨናንቀዋል። በዚያ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ልጆቻችሁ ትንሹን ኤሊ በመስታወት አይተው ሲለምኗችሁ አትግዙ። ሻጩንም ምን እንደሚያበላውና በምን መብራት እንደሚያኖረው አፋጥጡት። ደንበኛ ካልጠየቀ መደብር አይታረምም።

ከዱር ለንግድ የሚያዘውን በተመለከተ ዓለም ከወሰነ ቆይቷል። ዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከዱር ተይዞ ለንግድ የሚላከውን ኮታ ዜሮ አድርጎታል። ሱዳንም ኢትዮጵያም የዚህ ስምምነት አባል ናቸው። ኢትዮጵያ በራሷም የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 አውጥታለች። አሜሪካ በዚያው በ2000 ይህንን ኤሊ ወደ አገሯ ማስገባት የከለከለችበት ምክንያት ደግሞ ከብት አርቢውን ሁሉ ይመለከታል፤ በኤሊዎች ላይ የሚመጣው መዥገር ሀርትዎተር የተባለውን ከብት፣ በግና ፍየል የሚገድል በሽታ ያስተላልፋል ብላ ነው። ኤሊን ከበረሃ አንስቶ ከበጎች ጋር በአንድ አይሱዙ የሚጭን ሾፌር መዥገሩንም አብሮ ሊጭን ይችላል።

"ሰው እያለቀ ስለ ኤሊ ታወራላችሁ?" የሚለን አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ገዳሪፍ ከሱዳን ጦርነት የሸሸውን ተቀብላ ያላትን እያካፈለች ያለች ከተማ ናት። ግን የካርቱምን እናስታውስ። በሚያዝያ 2023 (እ.ኤ.አ.) ውጊያው ሲፈነዳ በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሱዳን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከጦር ኃይሉ ጠቅላይ መምሪያ አጠገብ በመሆኑ ሠራተኞቹ ሊደርሱበት አልቻሉም። አዞ፣ አርጃኖ፣ እባብና ኤሊን ጨምሮ ወደ መቶ የሚጠጉ እንስሳት ያለ ምግብና ውኃ በተቆለፈ ቤት ቀሩ። የሚወዷቸው ባለሙያዎች የነበሯቸው እንስሳት እንዲህ ከሆኑ፣ በየግቢው በሽቦ የታሰረው ኤሊ ባለቤቱ ሌሊት ሲሰደድ ምን ይሆናል? የምንጠይቀው ደግሞ ገንዘብም እህልም አይደለም። እጃችንን እንድንሰበስብ ብቻ ነው።

መሬቱም በራሱ ለኤሊው ጠቦበታል። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በገደምበልያ ከተጀመረው የትራክተር እርሻ ወዲህ የገዳሪፍ ጫካና ሣር ከዓመት ዓመት ወደ ማሽላና ሰሊጥ ማሳ ተለውጧል። የቀረው መጠጊያ በ1935 (እ.ኤ.አ.) የተከለለው የሱዳኑ የዲንደር ብሔራዊ ፓርክና ከእርሱ ጋር ድንበር የሚጋራው የኛው አልጣሽ ፓርክ ነው። እነዚያንም ካራቆትናቸው ልጆቻችን ኤሊን የሚያውቁት በሥዕል ይሆናል።

ስለዚህ የእርሻ ወኪሎች፣ ማሳ ከማቃጠላችሁ በፊት ዳር ዳሩንና ጉድጓዶቹን አስፈትሹ። አጫጆች፣ ኤሊ ካገኛችሁ ከትራክተሩ መንገድ ብቻ ዞር አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ወደ ካምፕ አታምጡት። ሾፌሮች፣ ገላባት የድንበር ኬላ ላይ በጆንያ የታሰረ እንስሳ "አድርስልኝ" የሚላችሁን እምቢ በሉ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የምትማሩ፣ ለተግባር ትምህርት ወደ መተማ ስትወርዱ ከከብቱ ጎን ለጎን የኤሊን ቁስል ማከምንም አስተምሩን። በቤታችሁ ኤሊ ያላችሁም ዛሬውኑ ሽቦውን ፍቱ። ጥላ፣ የሚቆፈር አፈር፣ ሣርና ውኃ ስጡት፤ እንጀራ፣ ዳቦና ሥጋ አትስጡት። ለዓመታት በግቢ የኖረውን ግን በሽታ ይዞ ስለሚሄድ ባለሙያ ሳታማክሩ ወደ ዱር አትልቀቁት።

እድሮችና የማኅበር ሰብሳቢዎችም ከዚህ አይቅሩ። መስከረም ሲያልቅ አሠሪና ሠራተኛ ለአጨዳው ቁጭ ብለው የፈዳኑን ዋጋ ሲቆርጡ፣ በዚያው ስብሰባ ኤሊን ያለመንካት ይህ ቃል በአማርኛም በዓረብኛም ይነገር፤ ሁለቱም ወገን እሺ ይበልበት።