ከአምስቱ የትኛው ይበልጣል?

ባለፈው ሳምንት ስለ ሕፃናት ትኩሳት የጻፍኩትን አንብባችሁ ጥያቄ የላካችሁልኝ ብዙ ናችሁ። በሚቀጥለው እመለስበታለሁ። ዛሬ ግን ከሙያዬ ወጣ ብዬ ስለ ብስክሌት ውድድር ላወጋችሁ ነው። “ሲስተር ደግሞ ከመቼ ወዲህ?” ማለታችሁ አይቀርም።

ነገሩ የሚጀምረው ከስልክ ነው። ሴት ልጄ ቤልጂየም ውስጥ ጌንት የምትባል ከተማ ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጇ አሁን አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። የልጅ ልጅ ውጭ አገር ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ እሑድ እሑድ ይደወላል፣ ስልኩ ለልጁ ይሰጠዋል፣ “ሰላም እማማ” ይላል፣ “ትምህርት እንዴት ነው?” ይባላል፣ “ጥሩ” ይላል፣ ከዚያ ዝም። ከጀርባ እናቱ “አናግራት እንጂ!” ስትል ይሰማል። እሱ አማርኛውን ይሰማል እንጂ መናገሩ ይከብደዋል፤ እኔ ደግሞ የእነሱን ቋንቋ አንድ ቃል አላውቅም። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ወደ እናቱ ይመለሳል። ስንት እሑድ እንዲህ አለፈ።

ከሦስት ዓመት በፊት ልጄ ሁለተኛዋን ስትወልድ አራስ ልጠይቅ፣ ገንፎዋንም ላገነፋላት ሄድኩ። መጋቢት ማለቂያ ላይ አንድ እሑድ ጠዋት አማቼ “እማዬ፣ ዛሬ ቤት መቀመጥ የለም፤ ይልበሱ” ብሎ እኔንና ልጁን ይዞን ወጣ። አራሷ ትታው የምትሄድ እናት ናት ብላ ሳቀችብኝ። ቀኑ የቱር ኦፍ ፍላንደርስ ቀን ነበር።

የቆምንበት ቦታ ኡደ ክዋርሞንት የሚባል ዳገት ነው። መንገዱ ኮብልስቶን ነው፤ እኛ ሰፈር ወጣቶች ተደራጅተው ያነጠፉት ዓይነት የተስተካከለ ግን እንዳይመስላችሁ። ያረጀ፣ የጎረበጠ፣ መሐሉ ያበጠ ነው። ሕዝቡ የጥምቀት ያህል ነው፤ ሕፃን በጋሪ፣ ሽማግሌ በታጣፊ ወንበር፣ የድንች ጥብስና የቢራ ሽታ በያለበት። መጀመሪያ ሄሊኮፕተር ይሰማል፣ ቀጥሎ ሞተር ሳይክሎች፣ ከዚያ ፊታቸው በአቧራ የተለበጠ ሰዎች እያለከለኩ ያልፋሉ። ዳገቱን ሦስት ጊዜ ስለሚወጡት ሦስት ጊዜ አየኋቸው። አንዱ ክርኑ ተልጦ ደሙ እስከ አንጓው ወርዶ ይነዳል። እጄ ፋሻ ፍለጋ ወደ ቦርሳዬ ሄደ። ጡረታ የወጣች ነርስ እጇ ጡረታ አይወጣም።

ልጁ ቀሚሴን ጎተት አድርጎ “እማማ፣ ይሄ የዓለም ትልቁ ነው” አለኝ። “ከኦሎምፒክ ይበልጣል?” አልኩት። ሳቀብኝ። ክርክራችን የተጀመረው ያን ቀን ነው።

የአበበ ቢቂላ አገር ሰው ስለሆንኩ ከኦሎምፒክ ወርቅ የሚበልጥ ነገር መኖሩን መቀበል ከብዶኝ ነበር። በሜልቦርን፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ ብስክሌተኞችም ልካለች። ነገር ግን በጎዳና ብስክሌት የኦሎምፒክ በር ለባለሙያዎች የተከፈተው በ1996 አትላንታ ላይ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ እጽፋለሁ፤ ታገሡኝ።) ከዚያ በፊት ደመወዝ የሚከፈላቸው ታላላቆቹ አይገቡበትም ነበር። መርክስ እንኳ፣ ብዙዎች የምንጊዜም ታላቅ የሚሉት ኤዲ መርክስ፣ ባለሙያ ከሆነ በኋላ ሊወዳደርበት አልቻለም። ስለዚህ ወርቁ ዛሬ ቢከበርም የአያት የቅድመ አያት ታሪክ የለውም። የብስክሌት ሰዎች ክብርን የሚለኩት ደግሞ ማን ማን አሸንፎታል እያሉ ወደ ኋላ በመቁጠር ነው።

በአንድ ቀን ከሚያልቁት ውድድሮች አምስቱን “ሐውልቶች” ይሏቸዋል። ሊዬዥ–ባስቶኝ–ሊዬዥ በ1892፣ ፓሪስ–ሩቤ በ1896፣ ሎምባርዲያ በ1905፣ ሚላን–ሳን ሬሞ በ1907፣ ፍላንደርስ በ1913 የተጀመሩ ናቸው። አምስቱንም ያሸነፉ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሪክ ቫን ሎይ፣ መርክስና ሮጀር ደ ቭላሚንክ። ሦስቱም ቤልጂየማውያን! የልጅ ልጄ ይህን በሚናገርበት ጊዜ ደረቱን ነፋ ያደርጋል፤ የማን አገር ልጅ እንደሆነ ያኔ ይገባኛል፤ ትንሽም ቅር ይለኛል፤ ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ።

እኔ መጀመሪያ የደገፍኩት ሊዬዥን ነው። ምክንያቴ አንድ ነው፤ የሁሉም ታላቅ እሱ ነው፣ ታላቅ ደግሞ ይከበራል። በ1980 በረዶ ሲጥል የተነሱት 174 ነበሩ፣ የጨረሱት 21። ያሸነፈው ፈረንሳዊው በርናር ኢኖ ሁለተኛውን ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ ጥሎት ገባ፤ ሁለት ጣቶቹ ግን ከዚያ ቀን በኋላ እንደ ድሮው አልሆኑም። ቅዝቃዜ ሲበረታ ደም ከዳር አካል ይሸሻል፤ ልብንና አንጎልን ለማዳን ጣት ይሠዋል። ይህን ለልጁ ሳስረዳው ያለ ምንም ጉትጎታ ሩብ ሰዓት አዳመጠኝ። አማርኛ መሆኑንም የረሳው መሰለኝ።

አማቼ የሚላን–ሳን ሬሞ ሰው ነው። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው፣ ከአምስቱ ረጅሙ እሱ ነው። ስድስት ሰዓት ያህል ተነድቶ ጉዳዩ የሚለየው ባሕሩ ዳር ፖጂዮ በምትባል ትንሽ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ነው። መርክስ ሰባት ጊዜ አሸንፎታል። እኔ ግን መጨረሻው ላይ ብነቃ ይበቃኛል ብዬ እንቅልፌን የምተኛበት ውድድር ነው፤ አማቼ ይቅር ይበለኝ። ሎምባርዲያ በመኸር፣ ቅጠል ሲረግፍ የሚደረግ ነው፤ መልከ መልካም ነው፣ ግን ሰዉ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ደክሞ የሚመጣበት ስለሆነ ከአምስቱ መጨረሻ አደርገዋለሁ። የስሎቬኒያው ታደይ ፖጋቻር ከ2021 እስከ 2025 በተከታታይ አምስት ጊዜ መውሰዱን ልጁ ቢነግረኝም ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ፓሪስ–ሩቤ ላይ ግን ልቤ ይሰነጠቃል። ወደ ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር የሚሆነው መንገድ ጋሪ ይሄድበት የነበረ ድንጋይ ነው። ሽልማቱም ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ከዚያው መንገድ የተወሰደ አንድ ድንጋይ ነው። አሸናፊዎች የሚታጠቡበት አሮጌ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ስማቸው በናስ ተቀርጾ ይለጠፋል። በ1998 ዮሃን ሙሴው አረንበርግ ጫካ ውስጥ ወድቆ የጉልበቱ ሎሚ ተሰባበረ። ቁስሉ ውስጥ የገባው የመንገድ ጭቃ መርዞት ጋንግሪን ጀመረው፣ እግሩ ሊቆረጥ ጥቂት ቀረው። በ2000 ተመልሶ አሸነፈና የመጨረሻውን መስመር ሲያልፍ እግሩን ከፔዳል አንሥቶ ጉልበቱን በጣቱ አሳየ። (ከዓመታት በኋላ የተከለከለ መድኃኒት መጠቀሙን ራሱ አምኗል፤ ይህንንም ለልጁ ነግሬዋለሁ፣ ግማሽ ታሪክ መንገር አልወድም።) እናንተም ልጃችሁ ወድቆ ሲቧጠጥ ቁስሉን በብዙ ንጹሕ ውኃና በሳሙና ማጠብ እንዳትረሱ፤ ቅባቱ በኋላ ይደርሳል።

ሴቶች ፓሪስ–ሩቤን የተፈቀደላቸው በ2021 ነው። እንግሊዛዊቷ ሊዚ ዳይግናን የመጀመሪያዋ ሆና ስታሸንፍ መሪው ላይ የተጠቀለለው ጨርቅ በእጇ ደም ቀልቶ ነበር። የተሰጣት 1,535 ዩሮ ነው፤ የወንዶቹ አሸናፊ 30,000 ወሰደ። ልጁ “ለምን?” ሲለኝ መልስ አጣሁለት።

እንግዲህ በዚህ ዓይነት የሁለት ደቂቃው ስልክ አርባ ደቂቃ ሆነ። አሁን እሱ ራሱ ነው የሚደውለው። ሁሌም “አንተ” ነው የሚለኝ፤ “እማማ፣ አንተ አልገባህም” ይለኛል። ላርመው እልና እተወዋለሁ። መስከረም ላይ የዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ መጥቶ ኪጋሊ ሲደረግ አብረን አየን፤ እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ ስልኩ ተከፍቶ። የዓለም ሻምፒዮን ዓመቱን ሙሉ የቀስተ ደመና ማልያ ይለብሳል፤ የትም ቢሄድ ይታወቃል። ስለዚህ እሱ ይበልጣል አልኩት። “ማልያው ዓመት ሲሞላው ይወልቃል፣ ድንጋዩ ግን ቤትህ ይቀራል” አለኝ። በአማርኛ! እናቱን ጠርቼ አስደገምኩት።

ባለፈው ወር ግን ተጣላን ማለት ይቻላል። ምክንያቱ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ነው። መጋቢት 2022 ላይ ጌንት–ቬቨልጌምን አሸነፈ፤ በኮብልስቶን ከሚደረጉት ታላላቅ የአንድ ቀን ውድድሮች አንዱን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። ይህ ከአምስቱ አይቆጠርም፤ ከእነሱ በታች ካሉት ግን ፊት ያለ ነው። በሳምንቱ ፍላንደርስ ነበር። በዚያ ጉልበት፣ በዚያ ወኔ ማን ያውቃል? እሱ ግን አልጠበቀም። ሦስት ወር ያህል ከቤቱ ርቆ ስለነበር ባለቤቱንና ትንሽ ሴት ልጁን ሊያይ ወደ አስመራ ሄደ።

“ሞኝ ነው” አለ ልጁ። “አንድ ሳምንት ብቻ ነበር የቀረው። ጌንት–ቬቨልጌም ትንሽ ነው፣ ፍላንደርስ ትልቅ ነው።”

“ልጁ ናፍቃው ነው” አልኩት።

“በስልክ ያያት ነበር።”

ያን ጊዜ ዝም አልኩ። እሱ ምንም ክፉ አላሰበም፤ እኔንና እሱን ያገናኘን ስልክ አይደል?

ልጄ አራት ዓመቷ እያለ ከምሠራበት ሆስፒታል ራቅ ወዳለ ከተማ ለሜትሮንነት ታጨሁ። በዲፕሎማ ለዚያ መመረጥ ትልቅ ነገር ነበር፤ ዘመድ አዝማድ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። ልጅቷን ለእናቴ ትቼ ሄድኩ። በወር አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴም በሁለት ወር እመጣ ነበር። ስመለስ እናቴን “እማዬ” ትላለች፣ እኔን በስሜ ትጠራኛለች። ሁለት ዓመት። ስለዚህ ነገር ከልጄ ጋር ተነጋግረን አናውቅም፤ እሷም አንሥታው አታውቅም። ይህን ለልጅ ልጄ ነገርኩት። ለምን እንደነገርኩት አላውቅም፤ ክርክሩን ለማሸነፍ ይሆናል።

ስልኩ ላውድ ላይ ኖሯል። ከጀርባ የሳህን ድምፅ ቆመ።

“ስድስት ሊሞላኝ ሲል ነው የተመለስሽው” አለች ልጄ። “ቀይ ጫማ ይዘሽልኝ መጣሽ፣ አልሆነኝም። ጠበበኝ።”

ጫማውን አስታውሰዋለሁ። የእግሯን ቁጥር አላውቅም ነበር።

ማናችንም ሳንናገር ትንሽ ቆየን። ከዚያ ልጁ “ሜትሮን ምንድን ነው? ከፍላንደርስ ይበልጣል?” አለ።

“ከጌንት–ቬቨልጌም ያንሳል” አልኩት። ልጄ ሳቀች፤ አፍንጫዋን ስትጠርግም ሰማኋት።

በሚመጣው ክረምት ሦስቱም ይመጣሉ፤ አማቼ ፈቃድ ካገኘ አራት ይሆናሉ። ልጁ የእኛን ሰፈር ኮብልስቶን በብስክሌት ካልሞከርኩ ብሏል፤ ከጎረቤት ብስክሌት ለምኜለታለሁ፤ ፍሬኑ ብቻ መጠገን አለበት። ፋሻና ሳሙና አለኝ።

ለሳምንት ሰው ይበለን።