የእህል ቀለም ጕድፍ አይደለም

በገበያችን የቆየ አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም እህልን በንጣቱ መመዘን ነው። ጤፍ ለሽያጭ ሲቀርብ ማኛው ከሁሉ በላይ፥ ነጩ ቀጥሎ፥ ሰርገኛው ከመካከል፥ ቀዩ ከታች ሆኖ ዋጋው ይቈረጣል። ከመሐል ሜዳና ከሞላሌ አካባቢ፥ ከግሼም ደጋ የሚመጣው ጥቁር ገብስ ደግሞ ብዙ ጊዜ «የጠላ እህል ነው» ተብሎ ወደ ጐን ይገፋል። በጃማና በወንጪት ወንዞች የታቀፈው መርሐ ቤቴ የሚያበቅለው ቀይ ጤፍና ቀይ ማሽላም ዕጣው ከዚህ የተለየ አይደለም። ይህ ልማድ ገበሬውንም፥ በላተኛውንም፥ እኛን ነጋዴዎቹንም የሚጐዳ መሆኑን ለማስረዳት እንወዳለን።

የእህል ቀለም ከውጭ የተቀባ ጌጥ አይደለም፤ ተክሉ ራሱን የሚጠብቅበት ንጥረ ነገር ነው። ወይን ጠጅ መልክ ያለው ገብስ ቀለሙን የሚያገኘው አንቶሲያኒን ከተባለው ሲሆን፥ የጥቁሩ ገብስ ጥቁረት ግን ከሜላኒን ወገን ነው። የበርበሬ ቅላት የካሮት ቀለም ከሚገኝበት ካሮቲኖይድ ከተባለው ቤተ ሰብ ነው። የጐመን አረንጓዴነትም ይህንኑ ካሮቲኖይድ ሸፍኖት ይገኛል።

ሊቃውንት በነዚህ ቀለሞች ላይ ብዙ መርምረዋል። ከልክ ያለፈ ስብ በሰውነት ውስጥ ዝም ብሎ የተከማቸ ጭነት አይደለም፤ የሰውነትን መቈጣት የሚቀሰቅስ መልእክት ይረጫል፤ ይህም ለስኳር በሽታና ለልብ ሕመም መንገድ ይጠርጋል። አንቶሲያኒንና መሰሎቹ ይህን ቍጣ እንደሚያበርዱ በቤተ ሙከራና በአይጦች ላይ ታይቷል። በሰው ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ግን አብዛኞቹ አነስተኛና አጭር ጊዜ የቈዩ ናቸው፤ የክብደት ለውጡም ጥቂት ነው፥ ወይም አይታይም። ስለዚህ ጥቁር ገብስ ብቻውን ያከሳል ብሎ የሚሸጥ ሰው ከእውነት ርቋል።

ይልቅ የተረጋገጠው ነገር የገብስ ቃጫ ጥቅም ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2006 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) የገብስ ቃጫ የልብ ሕመምን ሥጋት ሊቀንስ እንደሚችል በመጠቅለያ ላይ እንዲጻፍ ፈቅዷል። ይህ ጥቅም በነጩም ገብስ አለ። ሆኖም ቀለሙ በአመዛኙ የሚገኘው በእህሉ ልባስ ስለ ሆነ፥ እህሉ ለንጣት ሲባል በተፈተገ ቍጥር ቀለሙ ከልባሱ ቃጫ ጋራ አብሮ ይጣላል። ንጣትን ብቻ የሚሻ ገበያ እንግዲህ ከምግቡ ደኅናውን ክፍል ለማስወገድ ዋጋ ይከፍላል ማለት ነው። በ2016 በተደረገው የአገር ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች ከመቶ 8ቱ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ሆኖ ተገኝቷልና፥ ነገሩ የሌላ አገር ጭንቀት ብቻ አይደለም።

«ደምበኛው ነጩን ይወዳል» የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። እውነት ነው፤ ነገር ግን ደምበኛው ስለ ጥቁሩ ማን ነገረው? ቀዩን ከነጩ ደባልቆ ስሙን ከመሰወር ይልቅ፥ ሳይደባለቅ፥ የመጣበት አገር ተጽፎበት፥ በራሱ ስም ቢሸጥ ደምበኛው መርጦ ይገዛል።

ለላኪዎችም ነገሩ ቀላል አይደለም። በ2003 ሱዳን አንድ የተባለው የፋብሪካ ቀለም በበርበሬ ዱቄት ውስጥ ስለ ተገኘ፥ የአውሮፓ ኅብረት ወደ ገበያው የሚገባ በርበሬ ከዚህ ቀለም ንጹሕ መሆኑ በምርመራ ወረቀት እንዲረጋገጥ አዘዘ። በጥር 2025 ደግሞ አሜሪካ ቀይ ቍጥር 3 የተባለውን ሰው ሠራሽ ቀለም ለምግብ እንዳይውል ወሰነች። ዓለም ፊቱን ወደ ዕፀዋት ቀለም በሚያዞርበት ጊዜ፥ በርበሬን በባዕድ ነገር ማቅላት ወንጀል ብቻ ሳይሆን የራስን ገበያ መዝጋት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የዘሩ ነገር ነው። ሩሲያዊው ሊቅ ቫቪሎቭ በ1927 አገራችንን ጐብኝቶ በገብሷ ልዩ ልዩነት ተደንቋል። ቢጫ አቀጭጭ የተባለውን የገብስ በሽታ የሚቋቋም ዘርም ከኢትዮጵያ ገብስ ተገኝቶ ለካሊፎርኒያ ገበሬዎች ተርፏል። በአዲስ አበባ ከ1976 ጀምሮ የተቋቋመው የዘር ማከማቻ ይህን ሀብት ይጠብቃል፤ ነገር ግን ዘር በማከማቻ ብቻ አይኖርም፤ የሚኖረው በማሳ ነው። የመንዝ ገበሬ ጥቁሩን ገብስ የሚዘራው ገዢ ሲያገኝ ነው። ዋጋውን የምንቈርጠው እኛ ስለ ሆንን፥ ዘሩ ቢጠፋ አጥፊው ውርጭ ብቻ አይሆንም።

እንግዲህ ነጋዴ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጥቁሩን ገብስ በተለየ ጆንያ እንዲያስቀምጡ፥ ስሙን እንዲጽፉ፥ መድኃኒት ነው ሳይሉ ደኅና ምግብ መሆኑን ለደምበኛው እንዲነግሩ፥ ለገበሬውም የሚገባውን ዋጋ እንዲከፍሉ እናሳስባለን።