«አንድ ጊዜ ብቻ ልድገመው»፦ ስለ አንድ አስቸጋሪ ጌም ለወጣቶችና ለወላጆች

 

ወደ ቤታችን ዘው ብለው ከገቡት አዳዲስ ነገሮች መካከል የቪድዮ ጌምን ያህል ወላጅንና ልጅን ያቀያየመ ጥቂት ነው። ወላጅ በሩቁ ሲያየው ጩኸትና ብልጭታ ብቻ ይታየዋል፤ ልጅ ደግሞ ውስጡ ገብቶ ሰፊ አገር ያያል። አንዱ ያላየውን ያወግዛል፤ ሌላው የሚወደውን ይደብቃል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ጌም በጅምላ ከምንናገር አንዱን መርጠን ከጥበቃው ጀምሮ እስከ ፍጻሜው ብናየው ይሻላል። የመረጥነው «ኤልደን ሪንግ» የተባለውን ነው። ስለ ሐላልና ሐራም ብይን መስጠት የዑለሞቻችን ድርሻ ነው። የእኛ ድርሻ ነገሩ ምን እንደሆነ በትክክል ማስረዳት ነው፤ ጠያቂው የሚጠይቅበትን ነገር ጠንቅቆ ቢያውቅ መልሱም የጠራ ይሆንለታልና።

ነገሩ ምንድን ነው?

ኤልደን ሪንግ «አክሽን አር.ፒ.ጂ.» ከሚባለው የጌም ዓይነት ነው። ተጫዋቹ አንድን ገጸ ባሕርይ ወክሎ ሰፊ ምድር ያስሳል፣ ይዋጋል፣ ባገኘው ነገር አቅሙን ያሳድጋል። የሠራው ፍሮምሶፍትዌር የተባለ የጃፓን ኩባንያ ሲሆን፣ ከጃፓን ውጭ ለገበያ ያቀረበው ባንዳይ ናምኮ ነው። ሥራውን የመራው ሂደታካ ሚያዛኪ ነው። የጨዋታውን ዓለም ጥንታዊ ታሪክ በመጻፍ አሜሪካዊው ደራሲ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ተካፍሏል።

የሚያዛኪ የልጅነት ታሪክ ለወጣቶቻችን ሊነገር የሚገባ ነው። ያደገው ከድሃ ቤተሰብ ነበር። መጻሕፍት ከቤተ መጻሕፍት እየተዋሰ ከዕድሜው በላይ የሆኑትን ያነብ እንደነበርና ያልገባውን ክፍል በራሱ ምናብ ይሞላ እንደነበር ተናግሯል። ጨዋታዎቹም ይህንኑ ይመስላሉ፤ ታሪኩ በቁርጥራጭ ይቀርብና ቀሪውን ተጫዋቹ ራሱ አሰላስሎ ይገጣጥመዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው «ዲመንስ ሶልስ» የተባለው ጌሙ በአስቸጋሪነቱ ምክንያት መጀመሪያ ላይ ብዙ አልተወደደም ነበር። ያሠራው የሶኒ ኩባንያ እንኳ ከእስያ ውጭ ራሱ ሊያሳትመው ባለመፈለጉ አሜሪካ የገባው በሌላ አሳታሚ በኩል ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ብዙዎች የሚከተሉት የአሠራር ፈለግ ከዚያ ከተናቀ ሥራ የተነሳ ነው።

ወላጆች አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነገርም አለ። በዚህ ጌም ውስጥ ደም አለ፤ ጭራቅ አለ፤ አማልክት የሚባሉ ገጸ ባሕርያት፣ አስማትና ድግምትም አሉ። ተጫዋቹ ከፈለገ አስማቱን ሳይነካ በሰይፍና በጋሻ ብቻ ሊጨርሰው ይችላል፤ የታሪኩ ዓለም ግን ከዚያ ተረት አይለይም። በአውሮፓ የዕድሜ ደረጃው ከ16 ዓመት በላይ፣ በአሜሪካ ደግሞ ከ17 ዓመት በላይ ነው። ለአሥር ዓመት ልጅ የሚገዛ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት አያዳግትም።

የጥበቃው ዘመን

ጌሙ ለሕዝብ የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በጁን 2019 ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ይህ ነው የሚባል ወሬ አልተሰማም። ጠባቂዎቹ ግን ዝም አላሉም፤ የሌሉ ገጸ ባሕርያትን ፈጠሩ፣ ያልተጻፈ ታሪክ ተረኩ፣ እርስ በርስም ተሳሳቁበት። ገና ለገበያ ሳይወጣ በ2020 እና በ2021 በተከታታይ «እጅግ በጉጉት የሚጠበቅ ጌም» ተብሎ ተሸለመ። መውጫው ለጃንዋሪ 21 ቀን 2022 ተቀጥሮ ሳለ እንደገና አንድ ወር ገደማ ተገፋ። በመጨረሻ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2022 ዓርብ ዕለት፣ በጁሙዓ ቀን፣ ረመዳን ሊገባ አምስት ሳምንት ሲቀረው ወጣ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ብቻ ከ12 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ በዓመቱ መጨረሻም የዓመቱ ምርጥ ጌም ተባለ። «ሻዶው ኦቭ ዘ ኤርድትሪ» የተባለው ተጨማሪ ክፍሉ ደግሞ በጁን 21 ቀን 2024 ለገበያ ሲቀርብ የዋናው ጌም ሽያጭ 25 ሚሊዮን ደርሶ ነበር።

ጉጉት በራሱ ነውር አይደለም። ዒድን የሚጠብቅ ሕፃን ከዒዱ ይልቅ ዋዜማው ሲጣፍጠው አይተናል። ነገር ግን ነጋዴም ጉጉትን ያውቃል፤ ጉጉታችንን ቀድሞ ሊሸጥልን ይፈልጋል። ኤልደን ሪንግ በወጣበት ሰሞን በኮምፒውተር የተጫወቱ ብዙ ሰዎች ምስሉ እየተቆራረጠባቸው አማረዋል። ኩባንያው ቀስ በቀስ አሻሻለው። አስቀድሞ 60 ዶላር ከፍሎ ሌሊቱን ያነጋና ከአንድ ወር በኋላ የገዛ ሰው የተጫወቱት አንዱን ጌም ነው፤ ሁለተኛው ግን የተሻሻለውን አገኘ። ወጣቶች ሆይ፣ የመውጫው ቀን የእናንተ ቀጠሮ አይደለም፤ የሻጩ ቀጠሮ ነው።

ትግሉ

ይህ ጌም የሚጀምረው በሽንፈት ነው። ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ተጫዋቹ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ባላጋራ ጋር ይገናኝና ይወድቃል፤ ታሪኩም ከዚያ ይቀጥላል። ከዋሻው ወጥቶ ለምለሙን ምድር ሲያይ መንገዱ ላይ በወርቅ ጥሩር ያጌጠ ፈረሰኛ ወዲያና ወዲህ ይላል። ጀማሪው «የመጀመሪያው ጠላቴ ይህ ነው» ብሎ ይገጥመዋል፤ በሁለት ምት ይወድቃል። አስተዋዩ በጎን ዞሮ ያልፋል፣ ጉልበት ሲያገኝ ተመልሶ ይመጣል። «አትግጠመው» የሚል የለም፤ ራሱ ማስተዋል አለበት። እንደ ሌሎች ጌሞች «ቀላል» ወይም «ከባድ» ብሎ የሚመርጡበት ቦታም የለም።

ጠላት የጣለ ሰው «ሩን» የሚባል ዋጋ ያገኛል። በዚሁ ዕቃ ይገዛል፤ በዚሁ አቅሙን ያሳድጋል። ከሞተ ግን የያዘው ሁሉ በወደቀበት ቦታ ይቀራል። ተመልሶ ሄዶ የማንሳት ዕድል አንድ ጊዜ ይሰጠዋል፤ በመንገድ ላይ ዳግም ከሞተ የቀድሞው ጠፋ። ስለዚህ «ትንሽ ልጨምር» ያለ ስስታም ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። ውጊያውም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ የሰይፍ ምትና እያንዳንዱ ማምለጫ ትንፋሽ ይጨርሳል። ጠላት ሊወድቅ አንድ ምት ሲቀረው ተስገብግቦ የሰነዘረ ራሱ ይወድቃል።

ተጫዋቾች «ቦስ» ከሚሏቸው ታላላቅ ባላጋራዎች መካከል በመጀመሪያው ታላቅ ግንብ ደጃፍ የሚቆመው ማርጊት የታወቀ ነው። ማርጊት በትሩን ያነሳል፣ ነገር ግን ወዲያው አይመታም። የደነገጠ ተጫዋች ቀድሞ ይዘላል፤ በትሩም ከዘለለ በኋላ ያገኘዋል። ማርጊትን ለማሸነፍ ፈጣን እጅ ብቻ አይበቃም፤ ድንጋጤን መግታት ያስፈልጋል።

ከማውቃቸው ቤተሰቦች በአንዱ 17 ዓመት የሞላው ልጅ የዒድ ገንዘቡን አጠራቅሞ ይህን ጌም ገዛ። በማርጊት ደጃፍ ሦስት ምሽት ቆመ። በሦስተኛው ምሽት ጆይስቲኩን ሶፋው ላይ ሲወረውር አባቱ ሰሙና ገቡ። ሊቆጡ ነበር፤ ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እስቲ ድገመው፣ ልየው» አሉት።

ልጁ ደገመ፤ ሞተም።

አባትየው ጥቂት ዝም ብለው «እሱ ሲነሳ አንተ ትሸሻለህ። እስኪያወርድ ለምን አትጠብቀውም?» አሉት።

«አባዬ፣ እርስዎ ስለሚያዩት ነው የቀለለዎት» አለ ልጁ እየሳቀ።

ማርጊት በዚያ ምሽት አልወደቀም። ዒሻ ደርሶ አባትና ልጅ አብረው ተነሱ። በማግስቱ ወደቀ፤ ልጁም መጀመሪያ የጠራው ጓደኞቹን ሳይሆን አባቱን ነበር። እኒህ አባት ከዚያ ወዲህም ጌም አልወደዱም። ነገር ግን ልጃቸው ሌሊት ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ፤ ልጁም «ይበቃሃል» ሲሉት ነገሩን ሳያውቁ የተናገሩት ስላልሆነ ይሰማቸዋል።

ያልታሰበ መልካምነት

ይህ ጌም ጨካኝ ቢሆንም ሰው ሰውን የሚረዳበት በር አለው። ተጫዋቾች መሬት ላይ አጭር መልእክት ይተዋሉ። «ወደፊት አድብቶ የሚጠብቅ አለ» የሚል እውነተኛ ምክር አለ፤ ገደል አፋፍ ላይ «ዝለል» የሚል ተንኮልም አለ። የሚገርመው፣ አንድ መንገደኛ መልእክትህን አንብቦ ደረጃ ሲሰጠው፣ አንተ በሌላ ቦታ እየተዋጋህ ሳለ ጤንነትህ ይታደስልሃል።

ማሌኒያ የተባለችው ባላጋራ በመታች ቁጥር የራሷን ቁስል ስለምታድን ብዙዎችን አስለቅሳለች። በ2022 ማሰሮ በራሱ ላይ የደፋ፣ ሁለት ሰይፍ የያዘ አንድ ተጫዋች ስሙ ወጣ። በደጃፏ ምልክቱን ያኖርና በኢንተርኔት ለሚጠሩት ሰዎች ብቻውን ይዋጋላቸው ነበር። ከ1000 ጊዜ በላይ ጥሏታል፤ ኩባንያውም በዚያው ዓመት እውነተኛ ሰይፍ በስጦታ ላከለት። ሰው በጨዋታም ቢሆን የሚታወሰው ለሌላው ባደረገው ነው።

አደጋው የት ላይ ነው?

የዚህ ጌም ትልቁ አደጋ ጭራቁ አይደለም፤ «አንድ ጊዜ ብቻ ልድገመው» የምትለዋ ቃል ናት። የተሸነፈ ሰው እልህ ይይዘዋል፤ ሊያሸንፍ የተቃረበ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይይዘዋል። በዚህ መሐል ሌሊቱ ይጋመሳል፤ ሱብሒም ያልፋል። በአገራችን ከተሞች ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ ኳስ የሚጫወት ልጅ ጨዋታው ሲያልቅ ሒሳቡን ከፍሎ ይነሳል፣ ተረኛም ያስነሳዋል። ይህኛው ግን ቤት ውስጥ ለብቻ የሚጫወቱት ስለሆነ የሚያስነሳ ተረኛ የለውም።

ሒሳቡን እንሥራው። ዋናውን ታሪክ ብቻ ለመጨረስ 60 ሰዓት ገደማ ይወስዳል እንበል፤ ሁሉን ልይ ላለ ከ100 ሰዓት ይበልጣል። ቅዳሜና እሑድ ሁለት ሁለት ሰዓት የሚጫወት ልጅ 60ውን ሰዓት በ15 ሳምንት ይጨርሳል። በየቀኑ ስድስት ሰዓት የሚጫወት በ10 ቀን ይጨርሳል። ሰዓቱ እኩል ነው፤ የሁለተኛው ልጅ ግን እንቅልፉ፣ ትምህርቱና ሶላቱ የት ገቡ?

የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ አካትቷል፤ መዝገቡ ሥራ ላይ የዋለው በጃንዋሪ 2022 ነው። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። ራስን መግታት አለመቻል፣ ጌሙን ከሌላው የሕይወት ጉዳይ ሁሉ ማስቀደም፣ ጉዳት እያዩም መቀጠል። ይህም በአብዛኛው ዓመት ያህል ሲዘልቅ ነው። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ያመሸ ልጅ ሁሉ በሽተኛ ነው ማለት አይደለም። ወላጅ መመልከት ያለበት የሰዓቱን ብዛት ብቻ ሳይሆን ልጁ «ተው» ሲባል መተው መቻሉን ነው።

ስለ ማቆሚያው

አንድ ጥቃቅን የሚመስል፣ ግን ብዙ ቤት የሚያጣላ ነገር አለ። እናት «ራት ቀርቧል» ወይም «አዛን ብሏል» ስትል ልጁ «ትንሽ ቆዪ፣ አይቆምም» ይላል። ሰበብ ይመስላታል፤ ነገር ግን እውነቱን ነው። በዚህ ጌም የተለመደው ማቆሚያ የለም፤ ዝርዝሩን ከፍተህ ብትቆም እንኳ ጠላት መምታቱን አይተውም። ሆኖም ሙሉው እውነት ይህ ብቻ አይደለም። ወደ መግቢያው ገጽ ከወጣህ ጌሙ ራሱ መዝግቦ ይይዝልሃል፤ ስትመለስም የነበርክበት አካባቢ ታገኘዋለህ። በቦስ ውጊያ መሐል ከወጣህ የምታጣው ያንን አንድ ሙከራ ነው፣ ከበሩ ውጭ ሆነህ ትጀምራለህ።

እንግዲህ አንድ ሙከራ ከአንድ ሶላት ጋር ሲመዘን የትኛው እንደሚከብድ ለአንባቢያችን ማስረዳት አያስፈልገንም። ወጣቶች፣ የሶላት ሰዓት ሩብ ሰዓት ሲቀረው አዲስ ውጊያ አትጀምሩ፤ በወርቃማ ብርሃን ወደሚታወቁት የማረፊያ ቦታዎች ሄዳችሁ ሩኑን ተጠቀሙበትና ውጡ። እልህ ሲይዛችሁ ውጡ፤ እጅ የሚማረው ካረፈ በኋላ ነው። የሌሊት ሰዓት ወሰን ይኑራችሁ፤ በረመዳን ደግሞ ጌሙ ይቆያችሁ፤ አይሸሽም።

ወላጆችም፣ መከልከል ካስፈለጋችሁ አውቃችሁ ከልክሉ፤ ከፈቀዳችሁም ወሰን አበጅታችሁ ፍቀዱ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ምሽት ወንበር ስባችሁ ከልጃችሁ አጠገብ ተቀመጡ። ከማን ጋር እንደሚዋጋ፣ ለምን እንደተናደደ፣ በኢንተርኔት ማን እንደሚያናግረው ጠይቁ። ልጅ ያልተጠየቀውን አይናገርም።

አላህ ጊዜያችንን ከሚጠቅመን ነገር ጋር ያውልልን፤ ልጆቻችንንም የዓይን ማረፊያ ያድርግልን።