ጣቢያ የሚባለው የቱ ነው?

ስለ አዲስ አበባ ኪነ ሕንጻ በተጻፈ ቁጥር የለገሃር ባቡር ጣቢያ ከፊት ረድፍ ይቀመጣል። ፈረንሳዊው ፖል ባሪያ ነደፈው፤ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ከፊቱም የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ቆመ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው የጣቢያ ታሪክ በዚሁ ያበቃ ሲመስል ነው።

ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በኋላ ከአሥራ ሁለት ዓመታት በላይ መንገደኛው ያለዚያ ግርማ ሞገስ ወርዷል፤ ጭነቱም ተራግፏል። ጣቢያን ጣቢያ ያሰኘው እንግዲህ የፊት ለፊት ገጽታው አልነበረም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ መስመር መድረሻውን ፉሪ ለቡ አደረገ፤ የቀድሞው ሕንጻ ግን ባቡር ሳይመጣበትም ክብሩን አላጣም። የክፍለ ሀገር መንገደኛ ሲጎርፍበት የኖረው አውቶቡስ ተራ በአንጻሩ፣ የኪነ ሕንጻ ነገር ሲነሣ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

«እዚያ ምን ሕንጻ አለና?» የሚሉ አይጠፉም። መልሱ ከስሞቹ ይጀምራል። ለገሃር ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ቃል ነው፤ «ጣቢያው» ከማለት አያልፍም። «ተራ» ግን የቦታ አደረጃጀት ነው፤ ሸማ ተራ፣ አትክልት ተራ፣ አውቶቡስ ተራ እያለ ሸቀጡንም ተሽከርካሪውንም በረድፍ ያሰልፋል። ጎረቤቱ ጎጃም በረንዳም የሚጠራው በሕንጻ ክፍል ነው፦ ጣሪያ ያለው፣ ቤትም መንገድም ያልሆነ፣ ሰው የሚያርፍበትና ዕቃ የሚጠበቅበት ስፍራ። (ቃሉ የባዕድ መሆኑ ክርክሩን አያፈርሰውም፤ አገልግሎቱን የሰጠው የአገሩ ሰው ነው።) ፋሺስት ኢጣሊያ በወረራው ዘመን መርካቶን ያቋቋመችው አገሬውን ከአውሮፓውያን ሰፈር ለመለየት ነበር። ያንን የመለያ ፕላን ወደ አገር መገናኛነት የለወጡት እነዚሁ ተራዎችና በረንዳዎች ናቸው።

ይህን ዕውቀት ችላ ማለት ያስከተለው ጉዳት በ2008 ዓ.ም. ታየ። ቀላል ባቡር ሥራ ሲጀምር አውቶቡስ ተራና ጎጃም በረንዳ የፌርማታ ስሞች ሆኑ። ስሙ ተወሰደ፤ ቅርጹ ቀረ። ፌርማታው በከተማው ሌላ ጫፍ ካለው በምን ይለያል? ጆንያ ለተሸከመው፣ ሕፃን ላዘለችው፣ ዘመድ ለሚጠብቀው በረንዳው የት አለ?

ለለገሃር የሚደረገው ጥንቃቄ ይቀነስ የሚል የለም። ነገር ግን መርካቶ እየፈረሰ የሚሠራ ሰፈር ነው። የኪነ ሕንጻ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ሜትር አስይዘው ወደዚያም ይላኩ፤ የቀሩት በረንዳዎች ወርድ፣ የጣሪያቸው ከፍታ፣ የመተላለፊያቸው አቅጣጫ ሳይፈርስ ይለካ፣ በንድፍ ይነሣ።